ባህር ዳር ላይ ለወንድሜ ጀልባ ሁለት መሪ ስናስገጥም የደረሰብን፣ አገር ቤት ለምትገቡ ሰዎች

ከተመለስኩ ሶስት ሳምንት ሆነኝ፣ ንዴቴ በረድ ሲል ልጽፈው ብዬ ነበር ግን አልበረደልኝም። ሰሞኑን ብዙ ሰው ለእረፍት ሊገባ ነው፣ አገር ቤት ጀልባ ያለው ወይም ለቤተሰቡ ብረታ ብረት ነገር ሊያሰራ ያሰበ ካለ ይሄን አንብቦ ይግባ።

ጀልባዋ የታናሽ ወንድሜ ናት፣ 6 ሜትር የሆነች አሮጌ የፋይበር የሸራ ጀልባ፣ ኋላዋ ሰፋ ያለ። እኔ ስቶክሆልም ነው የምኖረው፣ ሜላረን ሐይቅ ላይ በሸራ ጀልባ መሄድ ከለመድኩ 9 አመት ሆኖኛል፣ እና ወንድሜ "ነፋስ ሲበረታ መሪው እምቢ ይለኛል፣ ጀልባዋ በራሷ ወደ ነፋሱ ትዞርብኛለች" እያለ ቪዲዮ ሲልክልኝ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ኋላዋ ሰፊ የሆነች ጀልባን ነፋስ ገፍቶ ሲያጋድላት መሀል ላይ ያለው አንዱ መሪ፣ ማለትም ኋላ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጀልባዋን የሚያዞራት ሰሌዳ፣ ግማሹ ከውሃ ይወጣል፣ አየር ይስብና መያዝ ያቆማል። ግራና ቀኝ ሁለት መሪ ወደ ውጪ 12 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ተደርጎ ከተገጠመ ግን በየትኛውም በኩል ብታጋድል በዛ በኩል ያለው ቀጥ ብሎ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ሁለት ስለሆኑ ደግሞ አጠር ብለው መሰራት ይችላሉ፣ ጣና እንደምታውቁት 3000 ስኩዌር ኪሎሜትር ገደማ የተንጣለለ ይሁን እንጂ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳን 14 ሜትር አካባቢ ነው፣ ግንቦት ላይ ውሃው ሲሸሽ ዳር ዳሩ ወገብ የማይደርስበት ብዙ ቦታ አለ፣ ስለዚህ አጭር መሪ ማለት ትልቅ ነገር ነው።

ሁለቱን የመሪ ሰሌዳ ወንድሜ አናጺ ቤት ከኮምፔርሳቶ አሰርቶ በፋይበር አልብሶ ጠብቆኝ ነበር፣ በጣም ቆንጆ ስራ ነው፣ እጃቸው ይባረክ። የቀረው መሪዎቹ የሚዞሩበት ማጠፊያና ማያያዣ ብረቱ ብቻ ነበር። እሱን ይዘን ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ወርክሾፕ ሄድን፣ ስሙን አልጠራም።

ባለቤቱ በጥሩ ፈገግታ ነው የተቀበለን፣ ቡና ሁሉ አስመጣልን፣ እኔም አገሬ ገብቼ ሰው እንዲህ ሲቀበለኝ ልቤ ርህርህ ነው የሚለው። ስዕሉን አሳየሁት፣ ስቴንለስ እንዲሆን፣ በአርጎን እንዲበየድ፣ ሁለቱን መሪ የሚያገናኘው ዘንግ የሚረዝምና የሚያጥር እንዲሆን አንድ በአንድ ነገርኩት። "38,000 ብር፣ በ5 ቀን" አለኝ። 20,000 ቀብድ ሰጠሁት። ደረሰኝ አልጠየቅኩም፣ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው።

5ኛው ቀን ሄድኩ፣ "ነገ"። በነገው ሄድኩ፣ መብራት የለም፣ እሺ መብራት የእሱ ጥፋት አይደለም ብዬ ተመለስኩ። ከዛ በያጁ ወጥቷል፣ ከዛ ብረቱ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው፣ ከዛ ስልክ አይነሳም። እኔ የስራ ፈቃዴ 28 ቀን ነው፣ አመቱን ሙሉ የምጠብቀው 28 ቀን፣ ጠዋት ጠዋት በዛ በዘንባባው መንገድ እየሄድኩ ወርክሾፕ በር ላይ ቆሜ ነው የጨረስኩት፣ እናቴ ምሳ አቅርባ እየጠበቀችኝ። 17ኛው ቀን "አልቋል ና ውሰድ" ተባልኩ። ደስ ብሎኝ ስሄድ ሂሳቡ 71,500 ብር ሆኖ ጠበቀኝ። "ምን ተፈጠረ?" ስለው "ወንድሜ ዶላር ጨምሯል፣ እቃው የውጭ ነው" አለኝ። ከ2016 ሐምሌ ወዲህ ዋጋ እንደማይረጋ አውቃለሁ፣ ቤተሰብ እረዳለሁ፣ ዘይትና ጤፍ ስንት እንደገባ በየወሩ ነው የምሰማው። ግን በ17 ቀን ውስጥ ዶላሩ እጥፍ አልሆነም! ይሄን ስለው የመለሰልኝ "አንተ እኮ ዲያስፖራ ነህ" ነው። እዛው ከተማ ተወልጄ፣ እዛው ውሃ ውስጥ ዋና ተምሬ፣ ያቺ ቃል ከገንዘቡ በላይ አመመችኝ።

እዚህ ስዊድን ስራ የሚይዝልህ ሰው ዋጋውን ወረቀት ላይ ያሰፍርልሃል፣ የሚጨምር ነገር ካለ ከመስራቱ በፊት ደውሎ ይጠይቅሃል፣ አገር ቤትም ይሄን ማድረግ አንድ ወረቀትና አንድ ስልክ ነው የሚፈልገው።

ገንዘቡ ይቅር ብል እንኳን ስራው ራሱ አደገኛ ነበር። ከእናቴ ፍሪጅ ላይ የነቀልኳትን ማግኔት ይዤ ነበር፣ ማጠፊያው ላይ ሳስጠጋት ጥብቅ ብላ ያዘች። ስቴንለስ ነው የተባለው ተራ ብረት ላይ የብር ቀለም የተቀባ ነው፣ ጥሩው ለመሪ የሚሆነው ስቴንለስ ማግኔት እንዲህ አይዘውም። ማገናኛው ዘንግ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ብየዳ ነው፣ ማስተካከያ የለውም። ጀልባዋ ላይ ደግፈን ስንለካው ሁለቱ መሪዎች ከፊት 92፣ ከኋላ 95 ሳንቲም ተኩል ተራርቀዋል። ቀጥ ብለው ጎን ለጎን መሄድ ሲገባቸው አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ እየጎተተ ማለት ነው፣ ፍሬን ይዞ እንደመንዳት፣ ይንቀጠቀጣል፣ ማጠፊያውንም ቶሎ ይበላል። ከዛ በላይ ያናደደኝ የእነሱው ልጅ ለሙከራ ብሎ የጀልባዋን ኋላ በስቶ ቡሎን ከነሲሊኮኑ መምታቱ ነው፣ ፋይበሩ መሀል ላይ እንጨት አለ፣ በዛ ቀዳዳ ውሃ ከገባ እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ይበሰብስና አንድ ቀን ሐይቅ መሀል መሪው ከነማጠፊያው ይነቀላል። ሰው ይሞታል በዚህ፣ እያጋነንኩ አይደለም።

አልተቀበልኩም፣ ቀብዱንም አልመለሰልኝም፣ ወጣሁ።

አሁን ደግሞ ምስጋና ላቅርብ። አንድ ጎረቤታችን ቶርኖ ቤት ያላቸው ሽማግሌ ጋ ወሰደን፣ ጠባብ ቤት፣ አንድ አሮጌ ማሽን። ስዕሉን ትንሽ አዩና "ልጄ ይሄ እኮ የመኪና መሪ ነው፣ በቴስቲና እንስራው" አሉኝ፣ ቴስቲና ማለት የመኪና መሪ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ነው። ገርሞኝ ቀረ፣ እኔ ለዛ ማገናኛ ከአውሮፓ ስንት ብር አውጥቼ ላስመጣ ሳስብ ነበር። ሁለት የመኪና ቴስቲና ገዝተን መጣን፣ አንዱን በቀኝ ጥርስ አንዱን በግራ ጥርስ አድርገው ዘንጉ ሲዞር የሚረዝም የሚያጥር አደረጉት፣ ከዛ ልክ እንደ ጎማ አላይመንት ሲባጎ ወጥረው ከፊትም ከኋላም እኩል እስኪሆን አስተካከሉት። ለማጠፊያው 16 ሚሊ የሆነ ስቴንለስ ዘንግ ከአሮጌ ማሽን የወጣ ነበራቸው፣ ማግኔቷን ራሳቸው ተቀብለውኝ ሞከሩት። ቦኮላውን፣ ዘንጉ ውስጡ የሚዞርበትን ቀለበት ማለት ነው፣ እኔ በሻንጣ ይዤ ከመጣሁት ዴልሪን ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ዘንግ ቆረጡልኝ። እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ ተራ ናይለን ይበቃል የሚላችሁ ይኖራል፣ ናይለን ውሃ ይጠጣል፣ ሲጠጣ ያብጥና መሪው ይጠብቃል። ሁሉም በአንድ ቀን ተኩል አለቀ፣ 9,400 ብር፣ ቴስቲናው ተጨምሮ። ልጨምርላቸው ብል እምቢ አሉ፣ "ለእናትህ ሻይ ቅጠል ግዛበት" ነው ያሉኝ።

የተበሳውን ቀዳዳ እኔና ወንድሜ ነን የጠገንነው፣ አስፍተን በስተን፣ ደረቅ መሆኑን አይተን፣ በኤፖክሲ ሞልተን አንድ ቀን አቆየነውና መሀሉን እንደገና በሳነው፣ እንዲህ ከሆነ ቡሎኑ ጠርዝ ላይ እንጨት የለም፣ ውሃ ቢያልፍም ኤፖክሲ ነው የሚያገኘው። ከውስጥ በኩል ሰፋ ያለ ላሜራ አድርገን ዳዶውን አሰርን።

ወንድሜ ላይ አደራ ያልኩት፦ ጀልባዋን ከማውጣቱ በፊት ሁልጊዜ ሁለቱንም መሪ በእጁ ይዞ ወደ ጎን እንዲነቀንቅ፣ ቀጭ ቀጭ ካለ ቦኮላው ተበልቷል። ሲመለስ የእንቦጭ ስር ካለ እንዲያጸዳ፣ እንቦጩ ከ2004 አካባቢ ጀምሮ ሐይቁን እንዴት እንዳደረገው የምታውቁት ነው፣ አንድ መሪ ላይ ይጠመጠም የነበረው አሁን ሁለት ላይ ይጠመጠማል። መሀል ላይ ያለ ኪል (ከጀልባዋ ሆድ ወደ ታች የሚወርደው ክንፍ) የሚከልላቸው ስላልሆኑ ግንድም ድንጋይም ፊት ለፊት ያገኛቸዋል፣ አንዱ ከተጎዳ ማገናኛውን ነቅሎ በሌላው መመለስ ይቻላል፣ ለዛ ብለን ፒኑን በእጅ የሚወጣ አደረግነው። ሌላው፣ በሞተር ወደ ዳር ሲጠጋ የሞተሩ ውሃ በሁለቱ መሀል ነው የሚያልፈው፣ መሪው አይመልስም፣ ሞተሩን ራሱን ማዞር ነው። ይሄን ሳያውቅ መጀመሪያ ቀን ከሰው ጀልባ ጋር ሊጋጭ ለትንሽ ነው የዳነው።

ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ 9 ሰአት ላይ ነፋሱ ሲነሳ ወደ ዘጌ አቅጣጫ ወጣን። ጀልባዋ ጥሩ አድርጋ አጋደለች፣ እኔ ኋላ ተቀምጬ የግራውን መሪ ነው የማየው፣ ከውሃው አልወጣም። ወንድሜ "ያዘ! ያዘ!" እያለ ይጮሃል፣ በታንኳ ደንገል ጭነው የሚያልፉ ሰዎች እጃቸውን አወዛወዙልን። ትንሽ እያለን አባታችን በዚሁ ሰአት ዳር ላይ ያስቀምጠን ነበር።

ቀብዱን ወንድሜ ሁለቴ ሄዶ ጠይቆ አልተሰጠውም። ትናንት ሲደውል ደግሞ የቀኙ መሪ ግንድ መትቶ ቦኮላው ትንሽ መነቅነቅ ጀምሯል፣ ዝናቡም ገብቷል፣ ሁለቱንም ፈትቶ እናታችን ጓዳ አስቀምጧቸዋል። እዚህ 30 ሳንቲም የሚሆን የዴልሪን ዘንግ ገዝቻለሁ፣ ክብደቱ ምንም አይደለም፣ ከስቶክሆልም ለእንቁጣጣሽ ባህር ዳር የሚገባ ሰው ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ።