የልጄ ጭንቅላት ኤምአርአይ፦ ባለሙያው አንደኛ፣ ሪሴፕሽኑ ግን…

የ5 ዓመቷ ልጄ የጭንቅላት ኤምአርአይ ታዞላት ስታዲየም አካባቢ ካሉት የምርመራ ማዕከላት በአንዱ ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዘናል። የምጽፈው እስካሁን ስላየሁት የዝግጅት አገልግሎት ነው።

ስደውል ሪሴፕሽኗ "ባዶ ሆዷን አምጪያት" ብላ ዘጋችብኝ። ከስንት ሰዓት ጀምሮ? ውኃስ? ቀጠሯችን ረፋድ 5 ሰዓት ነው፤ እሷን ብሰማ ልጄ ከማታ ጀምራ ጉሮሮዋ ደርቆ ልትቆይ ነበር። ሳትነቃነቅ እንድትተኛ ሰመመን (ማደንዘዣ) የሚሰጠውን ባለሙያ በአካል ሄጄ ሳገኝ ነው ነገሩ የጠራው። ምግብና ወተት ምርመራው 6 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፤ ንጹህ ውኃ ግን 2 ሰዓት እስኪቀረው ይፈቀዳል። ለእኛ ምግብ እስከ ንጋቱ 11፣ ውኃ እስከ ጠዋቱ 3 ማለት ነው። በሰመመን ላይ እያለች የበላችው ተመልሶ ወደ ሳንባዋ እንዳይገባ ነው አሉኝ። ጉንፋን ወይም ሳል ከያዛት ደግሞ ቀድመን እንድንደውል ነገሩኝ። ይህን በአንድ ብጣሽ ወረቀት ጽፎ መስጠት ምን ይከብዳል?

ቴክኒሺያኑን ግን እግዜር ይስጠው። ማሽኑን በበሩ በኩል አሳያት፤ ድምፁንም ከስልኩ አሰማት። "ጋሼ፣ ቤት እየሠሩ ነው እንዴ?" አለችው። ሳቀና "አዎ፣ አንቺ ሳትነቃነቂ ከተኛሽ ቶሎ ይጨርሳሉ" አላት። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ፀጥ ብላ መተኛት ከቻለች ያለ ማደንዘዣ እንሞክራለን ብሎናል፤ እናም ማታ ማታ ጆሮዋን ሸፍነን አልጋ ላይ እንለማመዳለን። እስካሁን የሚያሸንፋት አፍንጫዋን ማከክ ነው።

ብረት የሚባል ነገር አይገባም። የጆሮ ጌጥ፣ የሹሩባዋ ማስያዣ፣ ማተቧ ላይ ያለችው መስቀል ሁሉ ይወልቃል። አያቷ "ማተብ ይፈታል እንዴ!" ብለው ተቆጥተው ነበር፤ ክሩ አንገቷ ላይ እንደሚቆይ ስነግራቸው ነው የተረጋጉት። "ጨረሩስ?" ለሚሉኝ ጎረቤቶቼም፦ ኤምአርአይ የሚሠራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው፤ የራጅ ጨረር ያለው ሲቲ ስካን ላይ ነው።

ሌላው ቅሬታዬ ክፍያው ነው። የማደንዘዣው ለብቻ እንደሚከፈል የሰማሁት ካሸሯ ፊት ቆሜ ነው። ስትደውሉ ይህንንም ጠይቁ። መኪና ማቆሚያም የለም፤ ማደንዘዣ የወሰደ ልጅ ሲወጣ እንቅልፍ እንቅልፍ ስለሚለው አቅፎ ታክሲ የሚያስገባ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።