ፓንተር ግሩፐርን ለሚንከባከቡልኝ የአኳሪየም ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

በቤቴ የሚገኘው ፓንተር ግሩፐር የተባለ ትልቅ የኮራል ሪፍ አዳኝ ዓሣ በጤና እንዲኖር ላደረጉልኝ የአኳሪየም ባለሙያ ምስጋናዬን በይፋ ለማቅረብ፣ እንዲህ ያለ ዓሣ ለያዛችሁ ወይም ለመያዝ ላሰባችሁም እሳቸውን ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ።

ምስጋናዬ የሚጀምረው ዓሣው ከመገዛቱ በፊት ካለው ጊዜ ነው። ፓንተር ግሩፐር ብዙውን ጊዜ ለሽያጭ የሚቀርበው ገና ትንሽ ሳለ ሲሆን፣ ነጭ ገላው ላይ የተበተኑት ክብ ጥቁር ነጠብጣቦችና ጭንቅላቱን ዘቅዘቅ አድርጎ ክንፎቹን እያርገበገበ የመዋኘት ልማዱ ገዢን በቀላሉ ያማልላሉ። ባለሙያው ግን ይኸው ዓሣ እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ሊያድግ እንደሚችል፣ ከ1,000 ሊትር በታች በሆነ ገንዳ ሊኖር እንደማይገባው፣ አፉ የሚችለውን ዓሣና ሽሪምፕ ሁሉ ስቦ እንደሚውጥ በግልጽ ነገሩኝ። ዝም ቢሉ ኖሮ ሥራውን ቶሎ ያገኙት ነበር።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው የውሃ አያያዛቸውን ነው። ሥጋ በል ዓሣ የሚያስወጣው ቆሻሻ ብዙ ነው፤ ከቆሻሻው የሚመጣውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ባለሙያው እነዚህ ባክቴሪያዎች በቂ ሆነው አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ እስኪሆኑ ድረስ ዓሣ እንዲገባ አልፈቀዱም። የአሞኒያ መርዛማነት ፒኤች (የውሃው አሲዳማነት ወይም አልካላይነት መለኪያ) ከፍ ባለ መጠን ስለሚጨምር፣ ፒኤቹ ከ8 በላይ በሆነው የባሕር ውሃ ላይ ቸልተኝነት እንደማያዋጣ ደጋግመው ያስረዳሉ። በመጡ ቁጥር እጃቸውን ወደ ገንዳው ከመስደዳቸው በፊት የጨዉን መጠን፣ ሙቀቱንና ናይትሬቱን ለክተው ይመዘግባሉ። በትነት የጎደለውን የሚተኩት በንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ውሃው ሲተን ጨዉ ስለሚቀር፣ ጨዋማ ውሃ ቢጨመርበት መጠኑ ከልክ ያልፋል። ናይትሬቱ ከፍ ሲል ደግሞ አዲስ መሣሪያ ግዙ ከማለታቸው በፊት ስለ አመጋገቡ ይጠይቃሉ።

በአመጋገብ ረገድ ጥብቅ ናቸው። በሕይወት ያለ ወርቃማ ዓሣ መስጠትን ከልክለዋል፤ ምክንያታቸውም ይህ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም ስላለውና የባሕር አዳኞች የተፈጥሮ ምግብ ስላልሆነ ነው። በምትኩ ሽሪምፕ፣ ስኩዊድና የባሕር ዓሣ ሥጋ እያፈራረቁ፣ ላደገ ዓሣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ እንዲሰጥ መክረዋል። ዓሣው ግን ሰው ባየ ቁጥር ወደ መስታወቱ እየቀረበ ስለሚለምን፣ እንግዳ ሁሉ እኛን እንደ ጨካኝ ይቆጥረናል።

ዓሣው ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ጥገኛ ተሕዋስ በታየ ጊዜም መዳብ ያለበትን መድኃኒት በዋናው ገንዳ አላፈሰሱም፤ መዳብ ኮራልንና ሽሪምፕን ይገድላል፣ በድንጋዩም ውስጥ ይቀራል። ዓሣውን ወደ ሌላ ገንዳ አዛውረው መጠኑን እየለኩ አከሙት፤ ተሕዋሱ ያለ ዓሣ መኖር ስለማይችልም ዋናው ገንዳ ለሳምንታት ዓሣ አልባ ሆኖ እንዲቆይ አደረጉ።

እርግጥ ነው፣ ሥራቸው ዝግ ያለ ነው፤ መስታወት ተወልውሎ በቶሎ እንዲያልቅለት የሚፈልግ ሰው አይወዳቸው ይሆናል። አድራሻቸውን ለመስጠት ፈቅደውልኛልና በግል ለሚጠይቀኝ አደርሳለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የገንዳችሁን መጠን፣ የዓሣውን ርዝመትና የቅርብ ጊዜ የውሃ ልኬታችሁን አዘጋጁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።