ዲክሎፌናክ ሶዲየም ወይስ ፖታሲየም? በመድኃኒት ስም ላይ የምትቀጠለው ቃል

ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ሁለት ፓኬቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። ሁለቱም 50 ሚሊግራም ናቸው። አንዱ ሶዲየም፣ ሌላው ፖታሲየም ይላል። የቱን ልግዛ?

ብዙ መድኃኒቶች ደካማ አሲድ ወይም ደካማ ቤዝ ናቸው። ብቻቸውን ሲሆኑ ውኃ ውስጥ እንደ ልብ አይሟሙም፤ ያልሟሟ ደግሞ ደም ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አሲዱን ከሶዲየም ወይም ከፖታሲየም፣ ቤዙን ለምሳሌ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር አዋህደው ጨው ያደርጉታል። ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ሥራውን የሚሠራው ያው ዲክሎፌናክ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው? ፖታሲየሙ አብዛኛውን ጊዜ ጨጓራ ውስጥ ቶሎ የሚሟሟ ኪኒን ነው። ለወር አበባ ቁርጠትና ለድንገተኛ ሕመም እሱ ይሻላል። ሶዲየሙ ግን ብዙ ጊዜ አንጀት ሲደርስ ብቻ የሚሟሟ ሽፋን አለው፤ ስለዚህ ይዘገያል። ለመገጣጠሚያ ሕመም በየቀኑ ለሚወስድ ሰው መዘግየቱ ብዙም አያስጨንቅም። ልብ በሉ፣ የሚያዘገየው በዋናነት ሽፋኑ ነው። «ሽፋን ስላለው ጨጓራ አይነካም» የሚባለውንም አትመኑ። መድኃኒቱ በደም በኩልም ጨጓራን ይጎዳል። ሁለቱን ደርቦ መውሰድማ ጭራሽ አይሞከርም።

ሌላው የሕመም ማስታገሻ፣ ናፕሮክሲን ላይ ቁጥሩ እንዳያሳስታችሁ። 220 ሚሊግራም ናፕሮክሲን ሶዲየም ውስጥ ያለው ናፕሮክሲን 200 ነው፤ የቀረው ሶዲየም ነው። የሶዲየሙ ጥቅም ከተራው ናፕሮክሲን ፈጠን ማለቱ ነው።

የብረት ኪኒን ላይ ክፍተቱ ይሰፋል። 300 ሚሊግራም ፌረስ ሰልፌት 60 ሚሊግራም ያህል ብረት ይሰጣል፤ ያው 300 ሚሊግራም ፌረስ ግሉኮኔት ግን 35 ገደማ ብቻ። ግሉኮኔት ለሆድ ይስማማል የሚባለውም፣ እንደ እኔ፣ በአብዛኛው ብረቱ ስለሚያንስ ነው። ስትገዙ የንጹሕ ብረቱን መጠን አንብቡ።

የደም ግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን፣ ጨው ስሙ ቤሲሌት ይሁን ማሌኤት ብዙ አያጨናንቅም፤ ፓኬቱ ላይ የሚጻፈው የአምሎዲፒኑ መጠን ነው። የልብና የደም ግፊት መድኃኒቱ ሜቶፕሮሎል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ታርትሬትና ሰክሲኔት የሚባሉ ሁለት ጨዎች አሉት። ታርትሬቱ ቶሎ የሚለቀቅ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለቴ ይወሰዳል። ሰክሲኔቱ ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ በቀን አንዴ ይበቃል፤ ለልብ ድካም የሚታዘዘውም እሱ ነው። ፋርማሲው አንዱን አጥቶ ሌላውን ቢሰጣችሁ፣ ሐኪሙ ሳያውቅ አትቀይሩ።