20.39 የምትባለው መልስ፦ ቻትቦት በፊዚክስ ክፍሌ

ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ይህን የምጽፈው አንዱን ቻትቦት (ለጠየቁት ሁሉ በጽሑፍ የሚመልስ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ሙሉ ሴሚስተር ስጠቀምበት ከርሜ ነው። ስሙ ይቅር።

ከጥሩው ልጀምር። ጥያቄ ማውጣት ላይ ጎበዝ ነው። ለአራት ክፍል አራት ዓይነት ፈተና ማዘጋጀት ድሮ ሌሊቴን ይበላው ነበር። አሁን አንድ ጥያቄ እሰጠውና “ቁጥሩንና ታሪኩን እየቀየርክ አምስት አድርግልኝ” እለዋለሁ። ወዲያው ያመጣል። ለመምህር ረዳትነቱ ከ5 4 እሰጠዋለሁ።

አንዷን የቀነስኩበት ምክንያት አለኝ። “በሰከንድ 20 ሜትር ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ ምን ያህል ከፍታ ትደርሳለች?” የሚል ምርጫ አወጣልኝ። ስሌቱን ልክ ሠርቶ 20 ሜትር አለ። መልስ ብሎ ያስቀመጠው ፊደል ግን 40 የሚለውን ነው! ባላየው ኖሮ ልክ የሠሩትን ልጆች በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጌባቸው ነበር። ወረቀቱን እንዳለ ክፍል ወሰድኩና “እስቲ እናንተ አርሙት” አልኳቸው። እንደዚያ ቀን ተከራክረው አያውቁም።

በተማሪ እጅ ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያችኑ ጥያቄ ለሌላ ክፍል የቤት ሥራ ሰጠሁ። የስበትን ፍጥንጥነት 10 አድርጋችሁ ሥሩ ብያለሁ፤ ሰሌዳ ላይም ጽፌያለሁ። በማግስቱ አሥራ አንድ ደብተር ላይ 20.39 አገኘሁ። ስበቱን በ10 ፈንታ 9.81 ሲያደርጉት የሚመጣ ቁጥር ነው። አንዷን ወደ ሰሌዳ ጠራኋት።

“9.81 ከየት መጣ?”

“ቲቸር፣ እሱ ነው ያለው።”

“እሱ ማን?”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ለቤት ሥራ ከ5 2፣ እሱም በዝቶበት።

“በማሽን የተጻፈ ጽሑፍ እናጋልጣለን” የሚሉትን መሣሪያዎችማ አልመክርም። አንዱ ላይ ቻትቦት ከመምጣቱ በፊት የጻፍኩትን የራሴን ማስታወሻ ባስገባ ማሽን ነህ አለኝ። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ እንኳ የራሱን የማሽን ጽሑፍ መለያ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ አንስቶታል። በዚህ ተማሪን ኮርጀሃል ማለት ግፍ ነው። “ሦስተኛውን መስመር አስረዳኝ” ብሎ መጠየቅ ይበልጣል፤ ነፃም ነው።

መምህራን ክፍላችን ውስጥ ስምምነት የለም። የቋንቋ መምህሯ ድርሰት ሁሉ ክፍል ውስጥ በእጅ ይጻፍ ብላ ቆርጣለች። የሒሳቡ ደግሞ “ካልኩሌተር ሲመጣም ወሬው ይኸው ነበር” ይላል። ካልኩሌተር ድርሰት አይጽፍም ብዬ እሞግተዋለሁ። እስካሁን አልተሸናነፍንም። ዩኔስኮ በ2023 (እ.ኤ.አ.) መመሪያው እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ክፍል ውስጥ ለመጠቀም ዕድሜ ቢያንስ 13 ይሁን ብሏል። የእኔዎቹ ዕድሜውን አልፈውታል፤ የእኔ ጭንቀት ቅደም ተከተሉ ነው። አሁን ሕጌ አንድ ነው፦ መጀመሪያ በራስህ ሞክር፣ ከዚያ ጠይቀው፣ ልዩነቱን ጻፍ።

ባለፈው ሳምንት ያቺው ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። በአንድ በኩል 20፣ በሌላው 20.39 ጽፋለች። መሐል ላይ “እሱ 9.81 ስለተጠቀመ ነው” የሚል አለ።

“የቱን ልተው ቲቸር?”

ሁለቱንም ተያቸው አልኳት።