አዌቱ ዳር ያለውን የእናታችንን ቤት እንደገና ለነደፈልን አርክቴክት የቀረበ ምስጋና

እናታችን ከአርባ ዓመት በላይ የኖረችበት የጭቃ ቤት በጅማ ከተማ ከሚያልፈው ከአዌቱ ወንዝ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቅ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው በጓሮ በር ስለሚገባ፣ የጓዳው ግድግዳ ምርጊት እስከ ጉልበት ድረስ ረግፎ ማገሩ ይታይ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የማዕዘኑ ምሰሶ በስብሶ ቤቱ ወደ ወንዙ ማዘንበል ሲጀምር፣ አፍርሶ ከመሥራት በቀር ሌላ መንገድ አልነበረንም።

ይሁን እንጂ ይዞታችን ወደ ጎን ሰፊ፣ ወደ ውስጥ ግን አጭር ነው። ከወንዙ ዳርና ከመንገዱ ሊተው የሚገባው ርቀት ሲቀነስ፣ የሚተርፈው መሬት ሁለት ክፍል እንኳ በወጉ አይዝም። መጀመሪያ ያማከርነው ሰው «እድሳት ነው ብላችሁ በአሮጌው መሠረት ላይ በብሎኬት ጨርሱት» አለን፤ የሰጠነው ቅድሚያ ክፍያም በዚያው ቀረ።

ዛሬ በአደባባይ የማመሰግነው ከእርሱ በኋላ ያገኘነውን አርክቴክት ነው። የመጣው በነሐሴ፣ ዝናቡ ሳያባራ ነበር። ቦት ጫማ አጥልቆ ጓሮ ወረደና ውሃው በግድግዳው ላይና በአቮካዶው ግንድ ላይ ያስቀረውን ምልክት በሜትር ለካ። ከዚያም እናቴን «እማማ፣ ቤቱ ባለበት ይሠራልኝ ብዬ አልጠይቅልዎትም፤ ፈቃዱን ባገኝልዎት እንኳ ውሃው በየክረምቱ ተመልሶ ይመጣብዎታል» አላት። እናቴ ያን ቀን አዝና ነበር፤ እኔ ግን ሥራውን ለእርሱ ለመስጠት የወሰንኩት በዚህ ንግግሩ ነው።

ሐሳቡ በወንዙ በኩል ያለውን ርቀት አንድ ክንድ ሳይነካ ቤቱን ወደ መንገዱ ማስጠጋት፣ ልዩ አስተያየት (ከተወሰነው ርቀት ቀርቦ ለመሥራት የሚሰጥ ፈቃድ) የሚጠየቀውም በመንገዱ በኩል ላለው ርቀት ብቻ እንዲሆን ነበር። የወንዝ ዳር ርቀት ከጎርፍና ከአፈር መሸርሸር ይጠብቃል፤ ከእኛ ጓሮ የሚወጣው ፍሳሽም ከአዌቱ ጋር ወደ ቦዬ ረግረግ ስለሚወርድ ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። በመንገዱ በኩል ግን የጎረቤቶቻችን ነባር ቤቶች ሁሉ ወደፊት ተጠግተው የተሠሩ በመሆናቸው፣ የእኛ መጠጋት ማንንም አይጎዳም። ይህንንም በቃል ብቻ አልተወውም። የየቤቱን ርቀት ለክቶ በሳይት ፕላኑ (ቤቱ በይዞታው ላይ የሚያርፍበትን በሚያሳየው ንድፍ) ላይ አሳየ፣ የጎርፉን ከፍታ በንድፍ አስቀመጠ፣ የአዋሳኞችን ፊርማ አያያዘ፤ የጠየቀውም ለቤቱ የግድ የሚያስፈልገውን ሁለት ሜትር ብቻ ነበር።

በወቅቱ ይሠራበት በነበረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 መሠረት ከግንባታ ፈቃድ በፊት የፕላን ስምምነት፣ ማለትም የታሰበው ግንባታ ከከተማው ፕላን ጋር እንደሚስማማ የሚገልጽ ማረጋገጫ፣ ይጠየቅ ነበር። ፎቅ የሌለው መኖሪያ ቤት በአነስተኞቹ ሕንፃዎች ምድብ፣ በምድብ «ሀ»፣ ይታይ ስለነበር ብዙ ሰው ይህን ደረጃ እንደ ቀላል ቆጥሮ በቀጥታ ሙሉ ንድፍ ያሠራ ነበር። እርሱ ግን የፕላን ስምምነቱ ሳይገኝ ለሙሉ ንድፍ አንድ ብር እንዳናወጣ ከለከለን፤ ጥያቄው ውድቅ ቢሆን ለይግባኝ ሰሚው ቦርድ የሚቀርበውንም ማመልከቻ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር። አላስፈለገንም። ፋይሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተመለሰ፤ ፈቃዱን የሚሰጡት የሕንፃ ሹም ሴፕቲክ ታንኩ ከወንዙ እንዲርቅ አዘዙ፣ እርሱም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከጓሮ አንሥቶ ወደ መግቢያው በኩል አዛወረው።

ስልክ ቶሎ አያነሣም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ወደ እርሱ ለሚሄዱ ሰዎች ታማኝ አልሆንም። ማታ ግን ሁልጊዜ መልሶ ይደውላል፣ በተስማማንበት ዋጋ ላይም ምንም አልጨመረም።

ቤቱ ካለቀ በኋላ በመጀመሪያው ክረምት ውሃው ሞልቶ አሮጌው ጓዳ የነበረበት ቦታ ድረስ መጣ። አሁን በዚያ ቦታ የእናቴ የቡና ችግኞች አሉ። አርክቴክቱ በማግስቱ ሳንጠራው መጥቶ የአዲሱን ቤት መሠረት ዞሮ አየ፤ ደረቅ ነበር።

ስሙና ስልኩ በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቀን፣ በወንዝ ዳር ይዞታ ላይ ለመሥራት የምታስቡ የጅማ ነዋሪዎች በግል ጻፉልኝ፤ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ የይዞታ ካርታችሁን ያዙ፤ ብትችሉ ደግሞ ቦታውን ውሃው ሳይጎድል፣ በክረምት እንዲያየው አድርጉ።