ዲፕሲ፦ አያትና የልጅ ልጅ የሚፎካከሩበት ዳገት

ዲፕሲ የተባለው የሩጫ ውድድር ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ካለችው ሚል ቫሊ ከተማ ይነሳል፤ ተራራ ተሻግሮ ስቲንሰን ቢች፣ ባሕሩ ዳር ያበቃል። ርዝመቱ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ የተሮጠው እ.ኤ.አ. በ1905 ሲሆን የሚካሄደው በጁን ሁለተኛው እሁድ ጠዋት ነው። ሥራው በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ጫንቃ ላይ ነው።

ልዩ የሚያደርገው አነሳሱ ነው። ሯጩ በዕድሜውና በጾታው ይመደባል፤ ምድቦቹም ተራ በተራ በደቂቃ ልዩነት ይለቀቃሉ። አዛውንቶችና ትንንሽ ልጆች ቀድመው ይወጣሉ፤ ጉልበቱ የሞላ ወጣት ወንድ መጨረሻ ላይ ይነሳል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ምድብ መካከል እስከ 25 ደቂቃ ልዩነት አለ። አሸናፊው መስመሩን ቀድሞ የረገጠ ነው፤ በኋላ የሚደመር ወይም የሚቀነስ ሰዓት የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የ8 ዓመት ልጅ፣ በ2012 የ72 ዓመት አዛውንት ያሸነፉት በዚሁ ስሌት ነው።

በወረቀት ላይ ስሌቱ ያምራል። መንገዱ ላይ ግን ወጣቱ ሁለት ጊዜ ይቀጣል፤ ደቂቃው ሳያንሰው ወደ 1,500 የሚጠጋ ሯጭ በሚሮጥበት ጠባብ ዱካ ሰው እየለመነ ማለፍ አለበት። ፈጣን ሯጭ የሚበላሽበትም እዚህ ነው፦ ለማለፍ በየጊዜው ይፈተለካል፣ እግሩ ቀድሞ ይዝላል። ከርቀት «በግራ!» ብሎ መጣራት፣ ካልተቻለ ደግሞ ዱካው እስኪሰፋ መታገሥ ይሻላል።

ሌላው አዲስ ገቢ የሚያዝንበት ጉዳይ፦ ውድድሩ ሁለት ክፍል አለው። በቀደመው ዓመት ጥሩ የወጡት ኢንቪቴሽናል በተባለው ይነሳሉ፤ የተቀረው ራነር በተባለው ክፍል ከእነሱ በኋላ ይለቀቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ድል አይታሰብ፤ ግቡ ለከርሞ ወደ ፊተኛው ክፍል መሻገር ነው። ቀድመው የሚገቡት 35 ሯጮች ጥቁር ካናቴራ ያገኛሉ፤ በአካባቢው ከሜዳሊያ በላይ ይከበራል።

መንገዱ ገና ሳይሞቅ በሦስት ተራ ወደ 700 የሚጠጋ ደረጃ ያስወጣል። እዚያ የሮጠ ኋላ ይከፍላል፤ እጅን ጉልበት ላይ አድርጎ በፍጥነት መራመድ ያዋጣል። ከዚያ ሙር ዉድስ ወደሚባለው ጫካ ቁልቁል ተወርዶ ዲናማይት የሚሉት ዳገት ይጀምራል፤ ካርዲያክ ድረስ ፋታ አይሰጥም። ካርዲያክ ከፍተኛው ቦታ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ ጉልበት ተርፎ መድረስ ያለበት እዚህ ነው። በቁልቁለቱ ያለው ስቲፕ ራቪን የተባለው ሸለቆ በዛፍ ሥርና በእርጥብ ደረጃ የተሞላ ነው፣ ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘውም እዚያ ነው። ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ የግድ ነው። ወደ መጨረሻው ኢንሰልት የሚባል አጭር ዳገት አለ፤ ስሙ እንደሚለው ስድብ ነው፣ «አለቀ» ያለውን እግር ይይዘዋል።

አቋራጭ መንገድ መያዝ ብዙ ቦታ ይፈቀዳል፣ የተከለከሉም አሉ። ሳይለማመዱ በዕለቱ አቋራጭ መሞከር አያዋጣም፤ ከሳምንታት በፊት ዱካውን በእግር ማየት ያስፈልጋል። የዱካው ዳር ፖይዝን ኦክ ይበዛበታል፤ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው፣ ቆዳን የሚያሳክክ ተክል ነው። አጭር ቁምጣ የለበሰ እንደጨረሰ እግሩን በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፤ ካልሲውንም ለብቻ ይጠብ፣ ዘይቱ ጨርቅ ላይ ይቆያልና።

ከ5 ኮከብ 4 ይገባዋል። አንዷ የተቀነሰችው በምዝገባው ነው፦ ቦታ ከፈላጊው እጅግ ያንሳል፣ ስለዚህ ማመልከቻው እንደተከፈተ ያልተዘጋጀ ሰው ለከርሞ ሊቀር ይችላል።