«የሶም ውጊያ» በዲቪዲ፦ የትኛው ሙዚቃ ይቅደም?

የለንደኑ ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም አድሶ በ2008 እ.ኤ.አ. በዲቪዲ ያወጣውን «የሶም ውጊያ» የተሰኘ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ የተካሄደውን ውጊያ የሚያሳይ ድምፅ አልባ ዘጋቢ ፊልም ሁለት ጊዜ ተመለከትኩት፤ ዲስኩ ለአንዱ ፊልም ሁለት የተለያዩ አጃቢ ሙዚቃዎችን ይዟልና። አንደኛውን ላውራ ሮሲ የውጊያውን 90ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ለኦርኬስትራ የደረሰችው ሲሆን፣ ሌላው ፊልሙ በወጣበት በ1916 ለሲኒማ ቤት ሙዚቀኞች ተመክረው የነበሩት ዜማዎች ተሰብስበው እንደገና የተጫወቱበት ነው።

ፊልሙን ያነሱት ጄፍሪ ማሊንስና ጆን ማክዶዌል ናቸው። ጁላይ 1 ቀን 1916 ከጧቱ 1 ሰዓት ከ20 ላይ በሆውቶርን ሸንተረር ሥር የተቀበረው ፈንጂ ሲፈነዳ ማሊንስ ካሜራውን ደቅኖ ይጠብቅ ነበር፤ እድሳቱ ጥሩ ስለሆነ አፈሩ ወደ ላይ ሲዘረገፍ ጥርት ብሎ ይታያል። በዚያ አንድ ቀን ብቻ ከ19 ሺህ በላይ የብሪታንያ ወታደሮች ሞተዋል። ወታደሮቹ ከምሽግ ዘለው የሚወጡበት ዝነኛው ትዕይንት ግን ከግንባር ኋላ በማሠልጠኛ ሥፍራ የተቀረጸ ነው፤ አስተውሎ ለሚያይ ሰው ከ«ሟቾቹ» አንዱ እግሮቹን ሲያነባብር ይታያል። ይህ ለእኔ የፊልሙን ዋጋ አልቀነሰብኝም፤ የቀረው አብዛኛው እውነተኛ ነውና። አንድ ወታደር ቁስለኛ ጓደኛውን በጀርባው አዝሎ በምሽጉ ውስጥ ወደ ካሜራው ሲመጣ፣ በፊልሙ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ቁስለኛው ከ30 ደቂቃ በኋላ መሞቱን ይነግረናል።

ፊልሙ በኦገስት 1916 ለሕዝብ ሲቀርብ ውጊያው ገና አላበቃም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት 20 ሚሊዮን ያህል ትኬት እንደተሸጠ ይነገራል፤ የደርሃሙ የካቴድራል አለቃ ሄንስሊ ሄንሰን በበኩላቸው ይህን መሰል ትዕይንት ለመዝናኛ ማቅረብ የሐዘንተኞችን ልብ ማቁሰል ነው ሲሉ ተቃውመው ጽፈዋል።

ጽሑፎቹ በእንግሊዝኛ ብቻ መሆናቸው ለአንዳንዱ ተመልካች እንቅፋት ይሆን ይሆናል። የምመክረው ግን በ1916ቱ ዜማ መጀመርን ነው። የሮሲ ሙዚቃ የሚመጣውን ሞት አስቀድሞ ስለሚያውቅ ከመጀመሪያው ያዝናል፤ የድሮዎቹ ዜማዎች ግን ወደ ግንባር የሚተሙትንና ለካሜራው ባርኔጣቸውን የሚያውለበልቡትን ወጣቶች በሞቅታ ይሸኛሉ።